የአራት መቶ ሃያ ሁለት ሰው ጥናት

«ሦስት መቶ ሃያ አምስት ሰው የት ጣልሽ?» አሉ ፕሮፌሰር ወርቅአፈራሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በሁለት ጣት አንጠልጥለው።

ተማሪዋ ከጤና ጣቢያ ነርስነት መጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማስተርስ የበሽታ ስርጭት ሳይንስ (ኤፒዲሚዮሎጂ) ያጠናች ናት። ዛሬ ካልፈረሙላት ልፋቷን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ያጠናሁት አንዲት ደሴት ላይ የገባውን እከክ ነው። የደሴቲቱ ሰው ጡት ከሚጠባው ሕፃን ጀምሮ ዘጠና ሰባት ነው። አንድም ሳላስቀር መርምሬአለሁ።»

«ስሚ የኔ እመቤት፣ የናሙና ቀመሩ አራት መቶ ሃያ ሁለት ይላል። እኔም የተመረቅሁት በአራት መቶ ሃያ ሁለት ነው፤ ያስመረቅኋቸውም እንደዚሁ። ቀመር አይሳሳትም፤ የጎደለው ሰዉ ነው!»

ሌሎቹ ሁለት ፈታኞች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አንደኛው እንዲያውም ደሴቲቱን ወቀሰ።

«እንግዲያው የቀሩት እምቢ ብለዋል ተብሎ ይጻፍልኝ» አለች።

«ምኑን ነው እምቢ ያሉት?»

«መወለዱን። ፈቃደኛ ያልሆነን ሰው በጥናት እንዲሳተፍ ማስገደድ ክልክል ነው የሚለው ደንብ ላይ ደግሞ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የለም፣ የግድ ይምጡ ካሉ፣ ደሴቲቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ባልና ሚስት አለ። የትብብር ደብዳቤ ይጻፉላቸውና ዛሬውኑ ላድርስ።»

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አውጥተው ፈረሙና ጽሑፏን ገፋ አደረጉላት።

እጅ ነስታ ስትወጣ አንደኛው ፈታኝ ካልኩሌተሩን እየነካካ፣ «ለየጥንዱ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ልጅ ቢደርስ እኮ...» ሲል ሰማች፤ በሩም ተዘጋ።