ወደ ደጅ የተነፈሰችው መኪና

አንድ መካኒክ ነበረ፤ ሻሸመኔ። እጁ የተባረከ፣ አፉ የታረመ ሰው። ሽማግሌው ባለጋራዥ ደክሟቸው ቤት ሲቀመጡ ቁልፉን ለማን የሰጡ ይመስላችኋል? ሃያ ዓመት ላገለገላቸው ለእሱ? አይደለም። እሱ ቡሎን መፍታት ላስተማረው ለዳምጠው።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው መካኒኩ ዳምጠውን። ሦስት ጊዜ ሳመው። ከዚያ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

«ምን ሆነሃል? ተንፍስ እንጂ» ትለዋለች ሚስቱ አስናቀች።

«ደህና ነኝ።» ጥርሱን እያፋጨ ደህና ነው።

ይህ ሰው አንዲት አሮጌ ባለቱርቦ መኪና ነበረችው። ቱርቦ ማለት አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ነገር ነው። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ድንገት ስታነሱ የአየር በሩ ይዘጋል። የታመቀው አየር መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ የገፋውን ቱርቦ ይደበድባል፤ ቱ-ቱ-ቱ ይላል። መኪናዋ እንዲህ እያለች ሁለት ቱርቦ በልታለች። ሦስተኛው ከተሰበረ ሌላ ከየትም አይገኝም።

«ማስተንፈሻ ቫልቭ ያስፈልጋታል ስትል አልነበረም? ዳምጠው ጋ ውሰዳታ» አለች አስናቀች።

«እኔ ያስተማርኩት ልጅ ጋ? ገደል ትግባ።»

የታመቀውን አየር የሚያስወጣውን ቫልቭ ራሱ ገጠመው። ደንቡ ከቫልቩ የሚወጣው አየር በቱቦ ዞሮ ወደ መግቢያው እንዲመለስ ነው። እሱ ግን ቱቦውን ጥሎ ወደ ደጅ ክፍት ተወው። ለምን? ወደ ደጅ ሲወጣ «ፍሽሽሽ» ይላላ። ዳምጠው ይስማ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በዚያ ዕድሜው፣ እንደ ጎረምሳ እየጋለበ መጣ። የዳምጠው ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ነዳጁን ረግጦ ለቀቀ። ፍሽሽሽ። አዳሜ ዞሮ አየ። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ሁለቴ አሳላት፣ ቀጥ አለች። የት? እዚያው በሩ ላይ።

ዳምጠው እጁን እየጠረገ ወጣ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ኮፈኑን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ይቺ አሮጌ እኮ አየሩን ገና ሲገባ ለክታ፣ በለካችው ልክ ነው ቤንዚን የምትሰጠው። የለካችውን ሜዳ ላይ ስትደፋባት ቤንዚኑ ያንቃታል። ወደ መጣበት መመለስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቁንስ ታውቃለህ። ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ታዲያ ምን ነካህ?»

ሰውየው ዓይኑን ከሞተሩ ሳይነቅል፣ «ቁልፉ ለእኔ ነበር የሚገባው» አለ። «ይህ ጋራዥ እንዲቃጠልብህ ተመኝቻለሁ።»

ዳምጠው እጁን እንደገና ጠረገ። ከዚያ «ቱቦ ላምጣ» አለ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? የጓደኛችሁ ልጅ ስትዳር እልል ብላችሁ፣ ጓዳ ገብታችሁ ጥርስ የምታፋጩስ? ደህና ናችሁ? አምቃችሁ ብትይዙት የሚሰበረው የእሷ ቤት አይደለም፤ የእናንተው ቱርቦ ነው። ደጅ ወጥታችሁ ለጎረቤት ብትተነፍሱትም ሐሜት ነው፤ ጭሱ ለመንገደኛ፣ መቆሙ ለእናንተ። ትንፋሻችሁን ለክቶ የሰጣችሁ ማን ነው? ወደ እሱ መልሱት። ተንበርከኩና ቅናቱን ቅናት በሉት፤ «ትንሽ ከፍቶኝ ነው» አትበሉት። ከዚያ ተነሥታችሁ ወደ ዳምጠዋችሁ ሂዱ።

ያቺ መኪና ያን ቀን ቱቦዋ ተገጥሞላት ከዚያ በር ስትነሣ ድምፅ አላሰማችም። ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። እሷ ግን ሄደች።

እናንተ ዛሬ የቆማችሁት በማን በር ላይ ነው?