የአያ ገመሮ የሙጫ ኒካህ

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ። አንቺ እዚያ ማዶ የምትስቂው፣ አንቺም ነይ! ሰሞኑን መስታወት ፊት ስትቆሚ አይቼሻለሁ፤ ይሄ ተረት ላንቺ ነው።

ድሮ ነው፤ አውሬ ሁሉ እንደኛ ሲያወራ፣ እንደኛም ሲቀጥፍ። ስሙ በጠፋኝ አገር አያ ገመሮ የሚባል ዝንጀሮ ነበር። ሥራው የሰው ማሳ መዝረፍ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የቶይባን ስኳር ድንች ነበር። ቶይባ ጃርት ናት፤ ማሳውን ከእናቷ ወርሳ በገዛ ጥፍሯ ቆፍራ ነው ያለማችው። ገመሮ በገባ ቁጥር በእሾኋ ወግታ ታባርረዋለች። የዝንጀሮ መቀመጫ የቀላው ያኔ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው!

አንድ ቀን መቀመጫውን እያሻሸ፣ "ቆይ፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሰርቀው? ባለቤቲቱን ባገባ ማሳው የኔ አይደል? የገዛ ማሳዬን ስበላ ማን ይወጋኛል!" አለ።

ጸጉሩን በቅቤ አለሰለሰ፤ ኩል ተኳለ፤ ጥምጣም ጠመጠመ። ኩሬ ውስጥ ራሱን አየና "ዝግጁ ነኝ! ምን ጎደለኝ?" አለ። ምን ያልጎደለው አለ! ቤት የለው፣ ጎተራ የለው፤ ጥምጣሙም ከሰው አጥር ላይ የመነተፈው ነው።

እየተንጎራደደ ወደ ቶይባ አባት ወደ አባ ሙሄ ሄደ። "አባ ሙሄ፣ ልጅዎን ለትዳር ፈልጌ ነው። ዝግጁ ነኝ! ምን ጎደለኝ?"

አባ ሙሄ የዋህ ነው፤ ጥምጣሙን ሲያይ ልቡ ቀለጠ። "ማሻአላህ!" ብሎ እሺ ሊል ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሼህ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ቀስ!" አሉ። እሳቸው ነገር ሁሉ በቀስታ ነው። "ልጅቱ ትጠየቅ እንጂ! ያለ ፈቃዷ ኒካህ የለም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ እኔው እጠይቃታለሁ። አፍራ ዝም ካለች ግን ዝምታዋ እሺታ ነው።"

ገመሮ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ጁምዓ ጠዋት የግራር ሙጫ ለቀመ፤ በማር ለወሰውና ልክ ሶላት ሲያልቅ "ለሙሽሪት ጣፋጭ" ብሎ ላከላት። ቶይባ ምን ታድርግ፣ ማር ትወዳለች። አንዴ ብትጎርስ መንጋጋዋ ግጥም!

ወዲያው መንደሩ ተሰበሰበ፤ ሼህ ኤሊም ደረሱ። "ልጄ ቶይባ፣ ገመሮን ለባልነት ወደሽዋል?"

"ምምምም!"

"ምን አለች?"

"ደስታ ነው፣ ያ ሼህ! ዝግጁ ነኝ! ምን ጎደለኝ?" አለ ገመሮ።

"ቀስ! ልጄ፣ ወደሽዋል ወይ?"

ቶይባ እሾኋን አራገፈች፤ ሸክ ሸክ ሸክ!

"አያችሁ? ከአሁኑ እየጨፈረች ነው!"

አባ ሙሄ እንባውን እየጠረገ፣ "አይ ልጄ፣ ዓይነ አፋር እኮ ናት!" ይላል። ምስኪን! ዝም ካለች በቃ፣ ከዚያ ሌባ ጋር ልትኖር ነው፤ የእናቷ ማሳም አለቀለት። ይቺ ልጅ አንጀቴን ትበላኛለች።

ሼሁ እንደገና ሊጠይቁ ሲሉ ቶይባ ዞረች፤ ወደኋላ ተንደርድራ ያንኑ የለመደችውን ቦታ ወጋችለት!

"ዋይ እናቴ!" ብሎ ገመሮ አፉን ቢከፍት ከጉንጩ አንድ ትልቅ የሙጫ ድቡልቡል ዱብ አለ። ሆዳም አይደል? ከሙሽሪት ጣፋጭ ቀንሶ፣ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ጉንጩ ውስጥ ወሽቆት ኖሯል።

ሼህ ኤሊ ሙጫውን አሸተቱት። የቶይባንም ከንፈር አዩ። "ሙቅ ውሃ አምጡ፣ ቶሎ!" አሉ። ሼሁ "ቶሎ" ሲሉ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

አፏ ሲላቀቅ ሰው ሁሉ ስድብ ጠበቀ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ "ያ ሼህ፣ እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱን ይጠይቁልኝ። ባገባው የት ያኖረኛል? ምን ያበላኛል? የጋብቻ ስጦታዬ፣ መህሬስ ምንድነው?" አለች።

"ገደሉ ሰፊ ነው፣ እዚያ ትኖሪያለሽ!" አለ ገመሮ። "ስኳር ድንች ትበያለሽ! ለመህርሽም ከማሳችን ምርጥ ምርጡን ቆፍሬ እሰጥሻለሁ!"

"ከማን ማሳ?"

"ከኛው ነዋ!"

"ቀስ፣ ልጄ!" አሉ ሼሁ። "ማሳው የሷ ነው፤ ብታገባትም የሷ ነው። መህሩን ከራስህ ትሰጣታለህ፤ እሱም የሷ ይሆናል። ቤቱ፣ ቀለቡ፣ ልብሱ ባንተ ላይ ነው። ከንብረቷ ግን ወዳ ካልሰጠችህ አንዲት ድንች የለህም።"

የገመሮ ዓይን ፈጠጠ። "እንዴ! ታዲያ ምን ሊረባኝ ነው የማገባት?"

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። "እንግዲህ መልሴን ስሙ፤ እምቢ!" አለች ቶይባ።

አባ ሙሄ አንገቱን ደፋ። "አፉ በይኝ ልጄ፣ ጥምጣም አይቼ ነው።"

ገመሮ በእፍረት እግሬ አውጪኝ አለ። ግን ሆዱ አላስቻለውም፤ ሲሮጥ የወደቀችዋን ሙጫ ያለ ቅጠሏ አፈፍ አድርጎ ጎረሳት። ግጥም! ከዚያ ወዲያ በየደጁ እየዞረ "ዝግጁ ነኝ" ሊል ሲሞክር የሚወጣው "ምምምም" ብቻ ሆነ።

እኔም ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሻይ አምጡልኝ። አንቺም የኔ ሳቂታ፣ ሲጠይቁሽ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ። ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰዎች እስከዛሬ፣

"አፍ ይዘው ያመጡት ዝምታ፣ አይቆጠርም እሺታ"

የሚሉት።