ግራዝማች ሽብሩና የአናጢው ምንጣፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ግብዣ ቤት በር ላይ ቆሞ ግቡ ሲሉት ሲግደረደር፣ ከውስጥ አንዱ አንዲት አባባል ይወረውርና ሁሉም ይስቃል። ሳቁ የዛሬ ነው። አባባሏ በተወለደችበት ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩን ለማያውቅ ልንገረው።

ባቡሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከጣቢያው ጀርባ ባባ ኬሳር ሲንግ የሚባሉ ከሕንድ አገር የመጡ አናጢ ይኖሩ ነበር። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ከጥምጣማቸው የማይለዩ፣ የሲክ ሃይማኖት ሰው ናቸው። ከተማው የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚተኛበት አልጋ የእጃቸው ሥራ ነበር። እሑድ እሑድ ግን መጋዙን አስቀምጠው ምስርና ቂጣ ያበስሉና በራቸውን ለመጣ ሁሉ ይከፍታሉ። ሥጋ ስለሌለበት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሳይሳቀቅ ይበላል።

የቤቱ ሕግ እንዲህ ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ ተሸካሚውም ነጋዴውም ምንጣፍ ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ቂጣውን በሁለት መዳፉ ይቀበላል። ባባን ማነጋገር የፈለገም አስቀድሞ ከረድፉ ይበላል። ለምን ብሎ ለጠየቃቸው፣ ፈጣሪ አንድ ነው፣ ልጆቹን በደረጃ አልፈጠረም፤ እኔም የተማርኩት ሥራ፣ ስሙን ጥራ፣ ያገኘኸውን ተካፍለህ ብላ የሚለውን ነው ይሉት ነበር።

ግራዝማች ሽብሩ ይህን ቤት ተቀይመውታል። አንድያ ልጃቸው ጌጡ ባባ ዘንድ አናጢነት ሊማር ገብቶ ቀረ። በዚያ ዘመን የባላባት ልጅ መጋዝ ያዘ ማለት ዘር ማንዘሩ ተዋረደ ማለት ነው። ግራዝማችም "ጠራቢ ልጅ አልወለድኩም" ብለው ስሙን ሳያነሱ ከረሙ።

አንድ እሑድ ማለዳ ግን፣ ጌጡ በዕለቱ ባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ ሙያውን ሊያሰፋ ባሕር ሊሻገር ነው የሚል ወሬ ደረሳቸው። ልጅ ያለ አባት ምርቃት ባሕር ሊሻገር ነው። እህል ሳይቀምሱ ካባቸውን ደርበው በበቅሏቸው ገሠገሡ። በሰው ፊት መታረቅን ግን አላሰቡትም። ባባን ያስጠራሉ፣ ልጁን ያስወጣሉ፣ መርቀውት ይመለሳሉ።

በር ላይ የእንግዶቹን ጫማ የሚጠብቀው ሰው እጅ ነሥቶ ይግቡ አላቸው። ወደ ውስጥ ቢያዩ ከሰል ሻጯ አዴ ሙሚና ከአንድ ተሸካሚ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣለች። ባባን ጥራልኝ አሉት። ባባ ወጥ ቤት ናቸው፣ ከምግቡ በኋላ ያገኟቸዋል አለ።

"እንግዲያው ወንበር አምጣልኝ።"

"እዚህ ቤት ወንበር ላይ የሚበላ የለም፣ ጌታዬ።"

"ለአገሩ ሁሉ ወንበር የሚሠራ ሰው ቤት ወንበር ጠፋ?"

"ወንበሩ ለገበያ ነው። ምንጣፉ ነው የሁላችን።"

የማን አባት እንደሆኑ ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ጠራቢ ልጅ አልወለድኩም ያለ አፍ በምን ወኔው ይናገር? ትልቅ ሰው መሆኔን ሲያዩ ወንበሩን ያመጡታል ብለው ከግቢው በር ጥላ ሥር ቆሙ። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጊዜ አለ አሉ በሆዳቸው። የምስሩ ሽታ ይመጣል፤ ጫማ ጠባቂው እየወጣ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ኩራት እራታቸው ሆኖ ቆመዋል።

ባቡሩ ጮኸ። ሰውም እየበላ እየወጣ ሄደ። አዴ ሙሚና አፏን እየጠረገች ብቅ ስትል ግራዝማችን አየቻቸውና ደነገጠች።

"ጌታዬ፣ ልጅዎን ሳይሰናበቱት ቀሩ?"

"የት አለና?"

"እስካሁን ቂጣውን ሲያድለን የነበረው እሱ አይደል እንዴ! ባቡሩ ሲጮህ በጓሮ በር ሮጠ።"

ግራዝማች ማንም ሳያዛቸው ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ረድፉ ባዶ ነው፤ ድስቱም ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ባባ እጃቸውን እያደራረቁ ከወጥ ቤት ሲመጡ ግራዝማች ማዕረጋቸውን አልጠሩም።

"የጌጡ አባት ነኝ" አሉ።

ባባ አጠገባቸው ተቀመጡና እንዲህ አሏቸው፦ "ሲክ ማለት በእኛ ቋንቋ ተማሪ ማለት ነው። ልጅዎም እኔም አብረን ስንማር ነው የከረምነው። ዛሬ ቂጣውን እኔ ላድል ብሎ ለመነኝ። አባቴ ከመጣ ከረድፉ ይቀመጣል፣ በእጄ አበላዋለሁ አለኝ። ረድፉን እየዞረ የሰዉን ፊት ሲያይ ነበር።"

ጌጡ ረድፉን እንጂ በሩን አላየም። የዚያ ቤት ልጅ ነውና የመጣ ሰው ሁሉ የሚቀመጥ መስሎት ነበር። ግራዝማች "እግርህን እንቅፋት አያግኘው፣ በወጣህበት አትቅር" እያሉ ምርቃቱን ለባዶው ምንጣፍ አወረዱት። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው። ባባም አብረዋቸው አለቀሱ። ያን ዕለት ቤታቸው ገብተውም እህል በአፋቸው አልዞረም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ከረድፉም ተቀመጡ። ጫማ ጠባቂው ሲደክም ደግሞ ቦታውን ለመኑና ወሰዱ። ጠዋት ሚካኤልን ተሳልመው ይመጣሉ፤ ባባም እምነትዎን ይለውጡ ብለዋቸው አያውቁም። የተሸካሚውን ጫማ በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ያዩ ባልንጀሮቻቸው ግራዝማች አበዱ አሉ። የጌጡን ደህንነት ከባቡር ሠራተኞች አፍ ይሰማሉ። ዓይኑን ግን ገና አላዩትም።

አንድ እሑድ ካፖርት የለበሰ ነጋዴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ውስጡን ገርመም አድርጎ፣ ወንበር የለም ወይ አለ። አዴ ሙሚና ልትስቅ ብላ የግራዝማችን ፊት አየችና ተወችው። ግራዝማች የሰውየውን የጫማ ማሰሪያ ሊፈቱ ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሳይሉም "ግባ ልጄ" አሉት፣ "ወንበር የጠበቀ ጦሙን አደረ።"