ሽብሩ የሞተ ዕለት

አንድ ሰው ነበር ወገኖቼ፣ እናቱን ከቤት ያባረረ።

አያችሁ፣ ገና ከአሁኑ ፊታችሁን አጨማደዳችሁ! ቆዩ እንጂ! ያባረራት በቴሌቪዥን ነው። ሰውዬው ተዋናይ ነው። በየሳምንቱ በሚታይ ድራማ ላይ ሽብሩ የሚባል ጨካኝ ሆኖ ይጫወታል። ሽብሩ የእናቱን ቤት ሸጦ፣ እናቱን ከነጓዟ ዝናብ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን "ድራማ ነው" ብሎ የሚምር ማን አለ? እናንተ ትምሩታላችሁ? አትምሩትም። አገሩም አልማረውም።

ታክሲ ሊሳፈር ሲል ረዳቱ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ "ሽብሩ! እናትህን ዝናብ ላይ ጥለህ አንተ ታክሲ አማረህ? በእግርህ ንካው!" ይለዋል። ቲማቲም ሊገዛ ጎንበስ ሲል ሻጯ መደቧን በነጠላዋ ትሸፍንበታለች። "ለአንተ የምሸጠው የለኝም። እናትህን ላካት፣ ለእሷ በነጻ እሰጣታለሁ!"

እሱ ምን ያደርጋል? ይስቃል። ሳቂታ ነው፤ ተረበኛ ነው። "እመቤቴ፣ እኔን ለቀቅ አድርጊኝና ደራሲውን ያዢው!" ይላታል።

ለምን አይከፋውም? ይህ ሰው ከቀበሌ ኪነት ነው የተነሣው። ስንት ዘመን በሰው ድራማ ላይ ዘበኛ ሆኖ በር ሲከፍት ኖሯል። "አቤት ጌታዬ!" ከማለት በቀር የሚናገረው ቃል አልነበረውም። ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ሽብሩን ሰጡት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው እንጀራ ይህ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ሲጠላው፣ "ሥራዬን ችዬዋለሁ ማለት ነው" እያለ በደስታ ቤቱ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሄዳል። ሄዶስ? ጥፍር ይቆርጣል። አዎ፣ የአረጋውያን የእግር ጥፍር! እዚያ ቤት ልብስ የሚያመጣ አይጠፋም፤ በዓል ሲደርስ በግ የሚነዳም አለ። ጥፍር የሚቆርጥ ግን ማን አለ? የሽማግሌ ጥፍር እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ታግሦ፣ ሥጋ ሳይነኩ መቁረጥ ይጠይቃል። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግራቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እየተረባቸውና እያሳቃቸው ይቆርጥላቸዋል።

ሁሉም አይስቁለትም። እማማ አሰገደች የሚባሉ ቆፍጣና አሮጊት አሉ። ገና ሲያዩት፣ "እናቱን ያባረረ እጅ እግሬን አይነካኝም!" አሉት።

"እማማ፣ እሱ እኮ ቴሌቪዥን ነው።"

"በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ! ቴሌቪዥኑ ይዋሻል እንዴ?"

ወደሚቀጥሉት ሰው ይዞራል። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ እሳቸውም ያባርሩታል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የድራማው ፕሮዲዩሰር ካሜራማን አስከትሎ፣ ሳይነግረው ከተፍ አለ። ማን እንዳወራለት እንጃ። ተዋናያችን የአባባ ወንድይራድን ጥፍር እየቆረጠ ነበር። አባባ ወንድይራድ የድሮ መምህር ናቸው። ጡረተኛ ሆነው፣ ደክመው፣ እዚህ መግባታቸውን ዘመድ አያውቅም። ልጃቸው በሰው ፊት እንዳታፍር ብለው፣ ለጠየቀ ሁሉ "ገጠር ገብቷል በሉ" ብለዋል። ካሜራውን ሲያዩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ወገኖቼ፣ ስንቱን ፊደል ያስቆጠረ ሰው ፊቱን ሸፈነ!

ተዋናዩ ብድግ አለ። "ምንድን ነው ይሄ?"

ፕሮዲዩሰሩ ሳብ አደረገው። "ወንድሜ፣ ለአንተው ብዬ ነው። አገር ጠልቶሃል። ስፖንሰራችን ሳሙና የሚያመርት ሰው ነው፤ የተጠላ ፊት ከሳሙናዬ ጋር አይታይብኝ፣ ከድራማው አውጡት እያለ ነው። ይህን አንዴ ብናሳይ ሕዝቡ አልቅሶ ይወድሃል። ሥራህም ይተርፋል።"

"እሳቸው አልፈለጉም።"

"ለደቂቃ እኮ ነው! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም?"

ይህን ጊዜ ያ ሳቂታ ሰው ነደደ። "የእኔ ስም ከመቃብር በላይ እንዲውል የእሳቸው ፊት በቁም ይቀበር? ስማኝ! እኔ ፊቴን ሸጬ የምበላ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነው፣ አላፍርበትም። የእሳቸውን ፊት እንድሸጥ ግን ማን ውክልና ሰጠኝ? ካሜራህን ይዘህ ውጣልኝ!"

"እንግዲያ ሽብሩ ይሞታል። አውቀህ ግባበት።"

"ይሙታ! ግደሉት!"

ገደሉት። ብዙም ሳይቆይ ሽብሩን ከደረጃ ላይ አንከባለው ጣሉት። ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀ እንጀራ በአንድ ክፍል አለቀ።

አገሩስ? አገሩማ ጨፈረ! መጦሪያው ውስጥም እልል ተባለ። ማን አብሮ ሲያጨበጭብ ነበር መሰላችሁ? ራሱ! ከአረጋውያኑ መሃል ተቀምጦ፣ የራሱን ሞት እያየ ያጨበጭባል። ልቡ አላዘነም እያልኳችሁ አይደለም። አዝኗል፤ እንጀራው ነዋ!

እማማ አሰገደች ቴሌቪዥኑን አዩ። ዘወር ብለው እሱን አዩ።

"ሞተ አይደል ያ ርጉም?"

"ሞተ እማማ። ዳግም አይመጣም።"

"እሰይ! አንተም ተገላገልከው በለኛ!" ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። "ና በል፣ ይሄን ጥፍር ቁረጥልኝ። ሥጋዬን እየወጋ እንቅልፍ ነሥቶኛል።"

ምእመናን፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አገሩ ይህን ሰው ዛሬ ምን ብሎ ይጠራዋል? ያው ሽብሩ! እናቱን ያባረረ! ይበሉታ! ምን ቀረበት? ሥራው ቀረበት፤ ይህን አልደብቃችሁም። ዛሬ እንደገና ዘበኛ ሆኖ በር ይከፍታል። የአባባ ወንድይራድ ፊት ግን እንደተከበረ ነው።

እናንተስ? እዚህ መካከላችሁ ስሙ የጠፋ ሰው አለ። ያልሠራኸውን ሠራ ያሉህ፣ ያላልሽውን አለች ያሉሽ። ስምሽን ለማጽዳት ምን አሰብሽ? ድሃ ፈልገሽ አጠገቡ ቆመሽ ፎቶ ልትነሺ? እምቢ በሉ! የሰው መከራ ሳሙና አይደለም! ክፉ ናቸው ካሏችሁ ይበሏችሁ። እናንተ ቅዳሜ ሲደርስ ተነሥታችሁ ሂዱ። ቢያባርሯችሁም በሳምንቱ ሂዱ።

ጌታችን በመለከት ስለሚመጸውቱ ሰዎች ተናግሯል። የእኛ መለከት ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ቻርጅ እናደርገዋለን። ለአንዲት እናት አንድ ዘይት እንሰጥና፣ "ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ወደዚህ እዪ፣ ፈገግ በይ" እንላታለን። የወለደቻችሁን እናት እንዲህ ታደርጓታላችሁ? ጎረቤት እያያት? በአንድ ዘይት ነው ፊቷን የገዛችሁት?

በመጪው እሑድ እኛም ዱቄትና ዘይት እናድላለን። ኮሚቴው የቤተ ክርስቲያናችን ስም የተጻፈበት ትልቅ ባነር አሠርቷል አሉ፤ ችግረኞቹ ከሥሩ ተሰልፈው ፎቶ ሊነሡ። አይነሡም! የምትቀየሙኝ ተቀየሙኝ። ባነሩን አይቼዋለሁ፤ ሸራው ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። እዚሁ ከጀርባችን ጣሪያዋ የሚያፈስባት እናት አለች። ዛሬውኑ ውሰዱና ጣሪያዋ ላይ ዘርጉላት። ስትዘረጉት ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጉት፤ ማንበብ ያለበት ከላይ ያነበዋል።