የሸንበቆ ሠፈር ለቅሶ

አንድ ቀን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት በሸንበቆ ሠፈር፣ ዓይን የሚወጋ የመስታወት ሕንፃ ተሠርቶ አለቀ። ባለቤቱ አቶ እንግዳወርቅ «ሸንበቆ ከፍታ ሞል» ብለው ሰየሙት። ሠፈሩ እንኳን ከፍታ ሊኖረው የከተማው ጎርፍ ሁሉ መጥቶ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ነው። ግን ባለገንዘብ ገደሉን ተራራ ብሎ ቢጠራው ማን ይከለክለዋል? በአጥሩ ላይ ደግሞ ሠፈሩ ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ። የሠፈሩ ሰው ሥዕሉ ሥር ተሰብስቦ ራሱን ፈለገ፤ አጣ። መለሎ ሴቶች አሉ፣ ፊኛ የያዙ ልጆች አሉ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጭማቂ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ውሾቹ እንኳን የሸንበቆ ውሾች አይደሉም፤ በገመድ ታስረው ነው የሚሄዱት።

«እኛ የት ሄደን ነው?» ብለው ጠየቁ የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ወርቅያንጥፉ።

«ፎቶውን የምናነሳው እኛ ነና!» አላቸው ደግፌ።

ደግፌ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ በየጉራንጉሩ ጡሩምባውን እየነፋ ሠፈሩን ለለቅሶ የሚጠራ እሱ ነው። አፉ ከጡሩምባውም ይብሳል ይሉታል፤ እሱም አይክድም።

ከሞሉ ጎን ተጠግታ የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች፤ የእድሩ ቤት ናት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ቃሬዛውም ሳይቀር እዚያ ነው ያሉት። መብራት ቢጠፋ ዞር ብሎ የሚያይ፣ ቦይ ቢደረመስ የሚጠግን ባልነበረበት ዘመን ሁሉ ሸንበቆን ሰው ያደረገችው ይህች ቤት ናት። የደግፌ እናት ለቀብር የወጡት በዚያ ቃሬዛ ነው። ቤቷ ትነሳለች ብሎ ባሰበ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ ቤቷን ለመኪና ማቆሚያ ፈለጓት። የወረዳው ኃላፊ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ፤ «እድርተኛው ከተስማማ ትነሳለች፤ ካልተስማማ አልነካትም» አለ። አቶ እንግዳወርቅም የእድሩን ሰዎች ሰበሰቡ።

«እናንተ፣ ይህ የሞተ ሠፈር ነው» ብለው ጀመሩ። «ሞቷል! ምን ቀረው? ስለዚህ ለአንዲት ቆርቆሮ ብላችሁ ከልማት ጋር አትጣሉ። ለእድራችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል እሰጣችኋለሁ። ሊፍት አለው።»

«ቃሬዛው በሊፍት ሲወርድ አስከሬኑ ቆሞ ነው የሚሄደው?» አላቸው ደግፌ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቶ እንግዳወርቅ አልሳቁም። «እንግዲህ እናንተ እንቢ ካላችሁ» አሉ፣ «የሞሉ ምርቃት ዕለት፣ ኃላፊው ባሉበት፣ ሕዝቡን ራሱን እጠይቃለሁ። ካጨበጨበ ተስማምቷል ማለት ነው።»

ይሄኔ ነው ደግፌ የደነገጠው። ምክንያቱም የሸንበቆን ሰው ያውቀዋላ! የሸንበቆ ሰው ደግ ነው፤ ማይክ የያዘ ሰው ካየ እጁ አያርፍለትም። ቧንቧ ይገባላችኋል ያለ ሁሉ ተጨብጭቦለታል፤ ቧንቧው ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው። መብራት ላስገባላችሁ ያለ ተጨብጭቦለታል፤ ድልድይ ልሥራ ብሎ የመጣ አንዱማ ድልድዩን ረስቶ ሲሄድ በጭብጨባ ተሸኝቷል። ይህን ሕዝብ አታጨብጭብ ብሎ መምከር ውሃ መውቀጥ ነው። እሺ ይልሃል፤ ማይኩ ሲጮህ ግን መዳፉ በገዛ ሥልጣኑ ይገናኛል።

ደግፌ ሲያወጣ ሲያወርድ አደረና ማለዳ እትዬ ወርቅያንጥፉ ቤት ሄዶ ያሰበውን በጆሮአቸው ነገራቸው። እሳቸው መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥሎ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ በመጨረሻ «ንፋው!» አሉት።

የምርቃቱ ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ሠፈሩን ቀሰቀሰው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እድርተኞች ሆይ! ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሞሉ በር ላይ በተተከለው ድንኳን፣ ለቅሶ አለ!»

«ማን ሞተ?» ይሉታል በየበሩ ብቅ እያሉ።

«እዚያው ትሰማላችሁ!» እያለ ያልፋል።

የእድር ሰው መጀመሪያ ይሄዳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ሥራውን የጀመረ ሥራውን ተወ፣ ሱቁን የከፈተ ሱቁን ዘጋ። ሦስት ሰዓት ሲሆን የአቶ እንግዳወርቅ ድንኳን ጢም አለ።

አቶ እንግዳወርቅ ከመድረኩ ላይ ሆነው ሲያዩ ልባቸው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። «አየህ? ሠፈሩ ነቅሎ ወጣልኝ!» አሉት ኃላፊውን። ቆይተው ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ወንዱ ባርኔጣውን አውልቆ አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ዲጄው የለቀቀውን የጭፈራ ሙዚቃ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለቀስተኛ ሲያይ አፍሮ አጠፋው። ኃላፊውም ከመድረኩ ሥር የተቀመጡትን አሮጊት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» አላቸው። አሮጊቷ ማን እንደሞተ ገና አያውቁም፤ ግን «አሜን፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ።

አቶ እንግዳወርቅ ማይኩን ጨብጠው ገቡበት። ስለ ሱቆቹ አወሩ፣ ስለ ተንቀሳቃሽ ደረጃው አወሩ፣ ከውጭ ስለሚመጣው አይስክሬም አወሩ። ሕዝቡ አገጩን እንደደገፈ ይሰማል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስለዚህ ውድ የሸንበቆ ነዋሪዎች፣ የእድሩ ቤት ተነሥቶ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ተስማምታችኋል? ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» አሉ።

ጭጭ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ልማድ ሆኖበት እጆቹን ብድግ ሲያደርግ፣ ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አንተ! ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል እንዴ?»

አቶ እንግዳወርቅ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ምን ዓይነት ጉድ ነው! ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ደግፌ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ብድግ አለ። «ሠፈራችን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«በስብሰባው ላይ እርስዎ ራስዎ ነገሩን። ‹ሞቷል፣ ምን ቀረው› አሉን። እኔ እንግዲህ ጡሩምባ ነፊ ነኝ፤ ሞት ተነግሮኝ ዝም ካልኩ እድሩ ይቀጣኛል። ነፋሁ። ሕዝቡም መጣ። ይኸው፣ በወጉ ተቀምጠናል።»

በድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። አሁን ነገሩ ለሕዝቡ ገባው። አንዳንዱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን የሚንቀጠቀጠው በልቅሶ አልነበረም። ኃላፊው ጫማውን እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

አቶ እንግዳወርቅም የዋዛ ሰው አይደሉም። በሳቅ ሊያልፉት ፈለጉና ፈገግ ብለው፣ «ጥሩ ብለሃል!» አሉ። «አዎ፣ ሞቶ ነበር። ግን ይህን ሞል ሠርቼ ከሞት አስነሣሁት! ለተነሣ ሰው ይለቀሳል እንዴ? ይልቅ እልል በሉ፣ አጨብጭቡ!»

ረታሁ ብለው ዙሪያውን አዩ። ሠፈሩ ሁሉ ወደ ደግፌ ዞረ።  የእድሩ ቤት በዚያች ደቂቃ በአንድ ሰው ምላስ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ደግፌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ» አለ፣ «እንግዲህ ከሁለት አንዱን ይምረጡልን። ሠፈሩ ሞቶ ከሆነ፣ ወራሾቹ ይኸው ሐዘን ተቀምጠናል። ከሞት ተነሥቶ ከሆነ ደግሞ፣ ባለቤቱ በሕይወት አለ፤ ቤቱን ራሱ ይፈልገዋል። እርስዎ በየት በኩል ገብተው ነው የሚወርሱት?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አቶ እንግዳወርቅ ማይኩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ኃላፊው እንባውን እየጠረገ ተነሥቶ፣ «ወራሹም ባለቤቱም አይሆንም ብሏል፤ ቤቷ አትነካም» አለና ወርዶ ከለቀስተኛው መሃል ተቀመጠ።

የአቶ እንግዳወርቅ ደንበኞች ዛሬም መኪናቸውን የሚያቆሙት የእድሩን ቤት በአክብሮት ዞረው ነው።