ጦጣና የንዳዱ ቅጠል

ልጆቼ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ስሙ። ዱሮ ዱሮ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ባለ አንድ ረግረጋማ አገር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ንዳድ የሚባል ክፉ ትኩሳት ይገባ ነበር። የያዘው እንስሳ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ፍም ይግላል፣ ይሞታል።

በዚያ አገር እመት ኤሊ የሚሏት አሮጊት ነበረች። ከረግረጉ ዳር ጭቁኝ የሚባለውን መራራ ተክል የመሰለ፣ ሽታው የሚያውድ ቅጠል ቀጥፋ ጎሬዋ ትገባለች፤ አረንጓዴ ጭማቂ ይዛ ትወጣለች። የጠጣ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ «ኧረ መረረኝ!» ይላል፤ ይድናል።

የዳነ ሁሉ የበሰለ ፍሬ ሲያመጣላት ጦጣ አይቶ ቀና። ተደብቆ ቅጠሉን ለየ። ከዚያ በየዛፉ እየዘለለ፣ «ኤሊ መርዝ ነው የምታጠጣችሁ! ምሬቱን አልቀመሳችሁም?» ይል ጀመር። እንስሳቱም አመኑት፤ አሮጊቷን ወደ ወንዝ ማዶ አባረሯት።

ጦጣ ቅጠሉን ከነሥሩ ነቅሎ ጨረሰ። ትልቅ ድስት ጥዶ፣ ማር ጨምሮ አንተከተከው። «ጠጡ! ይጣፍጣል!»

ንዳድ የያዛት ሚዳቋ ጠጣች፤ ሞተች። «እሳቱ አንሶ ነው» አለ ጦጣ፤ እሳት ጨመረ። ሽመላ ጠጣ፤ ሞተ። «እሳቱ አንሶ ነው» አለ፤ እሳት ጨመረ። ጥንቸል ከነልጆቿ ጠጣች፤ ከነልጆቿ ሞተች።

አንድ ቀን የገዛ ልጁ ተንቀጠቀጠች። ከድስቱ ቢግታት ባሰባት። ይሄኔ አቅፏት ወንዙን ተሻገረ።

«እመት ኤሊ! እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ ልጄን ያድኑልኝ!»

ኤሊ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች። «አፍልተህ ነው ያጠጣሃት?»

«አዎ፣ አፍልቼ…»

«አዬ ልጄ! የዚያ ቅጠል ኃይሉ እሳት አይችልም፤ ሲፈላ ይጠፋል። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅ ነበር። ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

«አሁን ይዘፍዝፉልኛ!»

«የቱን ቅጠል?»

ጦጣ ልጁን ትቶላት ወደ ረግረጉ ሮጠ። ጭቃውን በጥፍሩ ቧጠጠ፤ አንዲት ቀንበጥ አላገኘም። ሲመለስ ኤሊ የልጅቷን ዓይን ከድናላት ጠበቀችው።

የሞተባቸው እንስሳት ሁሉ መጡ። አልመቱትም፣ አልሰደቡትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው አለቀሱ። ዝናቡ ደግሞ ገና መጀመሩ ነበር።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ደከመው፤ እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ቅጠል ይሰረቃል፣ ብልሃት ይጠየቃል።