የእናቷ ጥርስ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። እናትዬው ታታሪ ናት፤ ከማለዳ ጀምራ የሚበላ ሥር ስትቆፍር ትውላለች። ልጅቷ ግን መኪና መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ፣ መንገደኛ በመስኮት የሚወረውረውን ብስኩትና ከረሜላ ትለቅማለች።

«ልጄ፣ ነይ ይህን ሥር ቅመሺ። ብስኩቱ ጥርስሽን እየጨረሰው ነው» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ ጥፍርሽ እስኪነቀል ቆፍረሽ የምታገኚው መራራ ነገር ነው። እኔ እጄን ስዘረጋ ጣፋጭ ይመጣልኛል» አለች ልጅ።

ከዓመታት በኋላ ከወንዙ ማዶ አዲስ አስፋልት ተሠራና መኪናው ሁሉ በዚያ ሆነ። ልጅቷ ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው አንገቷን ደፍታ መጣችና ከእናቷ እጅ ሥሩን ተቀብላ ነከሰችው። ሥሩ እንዳለ ነው፤ የተሰበረው የቀረው ጥርሷ ነው።

እናትዬው እንደ ልጅቷ ሕፃንነት ጊዜ ሥሩን እያላመጠች ታጎርሳት ጀመር። ልጅቷም እየዋጠች፣ ዓይኗን ከአሮጌው መንገድ ላይ አልነቀለችም።

ክረምቱ ሲገባ እናት ሞተች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በብስኩት አታብሱ።